አረም ይጥፋ ብል አንባቢ በቀለ

ሰው ጋዜጣ የሚወደው መቼ እንደሆነ ደርሼበታለሁ። በወጣበት ቀን አይደለም። በማግስቱም አይደለም። ቢጫ ሆኖ፣ ጠርዙ ተቆራርሶ፣ መሬት ላይ ተነጥፎ ውሃ ሊፈስበት ሲል ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የባለቤቴ ወንድም አትክልቱን ላግዝህ ብሎ መጣ። ሥራው ቀላል ነው። አረም ያስቸገረው መደብ ላይ አሮጌ ጋዜጣ እናነጥፋለን፤ በውሃ እናርሰዋለን፤ ላዩ ላይ ብስባሽ እንመልሳለን። አለቀ። ባልዲዬን ሞልቼ ስመለስ ሰውዬው ቁጢጥ ብሏል። "ስማ፣ ይሄን ሰምተሃል?" አለኝ።

ሰምቻለሁ። ጋዜጣው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ሙሉ ሲንከራተት ነው የሰማሁት። እሱም ያኔ እዚያው ሶፋ ላይ ስልኩን እየነካካ ነበር። አሁን ግን "ቆይ ቆይ፣ ይህቺን ልጨርስ" ይላል። ወሬው ደግሞ ወደ ገጽ 7 ይዞራል። ገጽ 7 ያለው ቲማቲሙ ሥር ነው። ሄዶ አወጣው።

ነገሩ የሚሠራው እኮ ክፍተት ከሌለው ብቻ ነው። አረም ብርሃን ካላገኘ ምግቡን መሥራት አይችልም፤ ገርጥቶ ይሞታል። ለዚህ ከ5 እስከ 10 ሉክ ይደረባል፤ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ይወጣል። ጋዜጣው ራሱ ከጊዜ በኋላ ይበሰብሳል፤ የምድር ትሉም ያግዛል። ትሉ አንድም ቀን "ቆይ ልጨርስ" ብሎ አያውቅም። ገጽ 7ን መንጭቆ ያወጣ ሰው ግን ለአረሙ መስኮት ከፍቶለታል።

እዚህ ላይ የምወደው ተረት ትዝ ይለኛል። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይላሉ። አባባሉ ግሩም ነው። ስለ ሞኙ ጥያቄ የለኝም። ስለ ወረቀቱ ግን፣ ይህን የተናገሩት አባት ጋዜጣ ይዘው አያውቁም። ጋዜጣ የያዘውን ይለቃል! በብዙ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ቀለሙ በሙቀት አይደርቅም፤ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ነው የሚቀመጠው። ላይ ላዩን የቀረው ጣት ሲያገኝ አብሮ ይሄዳል። ከጣት ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ ነጭ ሸሚዝ። ባለቤቴ አንዴ የበሩ እጀታ ላይ ግማሽ ርዕሰ ዜና አግኝታለች።

መስኮት የሚወለውሉበት ሰዎች ይህን ያውቁታል። ኮምጣጤና ውሃ ቀላቅለው በጋዜጣ ሲያሹት መስታወቱ ላይ የጨርቅ ብናኝ አይቀርም። ፍሬሙ ነጭ ከሆነ ግን እግዜር ይሁናቸው። መስታወቱ ይጠራል፤ ጥቁረቱ ወደ ጎን ይዛወራል። ኃላፊነትን በማዛወር ረገድ ከጋዜጣ የተሻለ ተማሪ አላየሁም።

የጥንቶቹ ወረቀቶች የተሻሉ ነበሩ ይባላል፤ ለአንዴ እንኳ የድሮ ናፋቂዎች ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1605 ዮሐን ካሮሉስ ስትራስቡርግ ውስጥ ጋዜጣ ማውጣት ሲጀምር ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ነበር። የ1609 እትሞቹ ዛሬም አሉ። በ1840ዎቹ ፍሪድሪክ ኬለር የተባለ ጀርመናዊ እንጨት ፈጭቶ ወረቀት የመሥራት ዘዴ አመጣ፤ ወረቀትም ረከሰ። እንጨቱን አጠንክሮ የሚይዘው ሊግኒን የሚባል ነገር ግን ወረቀቱ ውስጥ ቀረ። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ያደርገዋል። እና የአራት መቶ ዓመቱ ጋዜጣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተከብሮ ተቀምጧል፤ የእኛ ያለፈው ዓመት ጋዜጣ መስኮት ዳር ተቀምጦ የጉበት ሕመምተኛ መስሏል።

ቂም ካነሳን ላይቀር አንድ ልጨምር። ድሮ አንድ ጎረቤት ጋዜጣ ይዋሰን ነበር። መዋሱ አይደለም የከፋኝ። ወደ ጎንና ወደ ታች ቃል የሚሞላበትን ጨዋታ ሞልቶ ይመልሳል። በእስክሪብቶ! እሺ ይሙላ። ግን ስህተት ነበር። አምስት ፊደል ያለውን ቃል አራት ሳጥን ውስጥ ያጭቃል፤ ሁለት ፊደል አንድ ሳጥን ያጋራል። ወንዝ ሲጠየቅ ተራራ ይጽፋል። ከዚያ ወደ ታች የሚወርደው ቃል እንዳያሳፍረው እሱንም ያጣምመዋል። ይህ ሰው ጤነኛ ሥራ ይዞ፣ ልጆች አሳድጎ፣ ተከብሮ የሚኖር ሰው ነው። እስከ ዛሬ ሰላም ስንባባል ዓይኔ የደረት ኪሱ ላይ ያለችው እስክሪብቶ ላይ ነው።

ወደ አትክልቱ ልመለስ። ወንድማችን አሁን ከማንበብ አልፎ መምረጥ ጀምሯል። "ይሄኛው ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይቀበራል እንዴ?" ለማን ይቀመጥ? "አይታወቅም፣ ይጠቅማል።" ሳላስበው ከመደቡ ጎን ሌላ ክምር ተነሳ። የእኔ ክምር ሲያንስ የእሱ ያድጋል።

"አይታወቅም፣ ይጠቅማል" የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ቀልዴን አይደለም። እኔ ምን እያደረግኩ ነው ታዲያ? ይኸው እየጠቀመ! ውሃ የጠጣ ጫማ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ሲርስ በደረቅ ቀይረው፤ ጫማህን ያደርቅልሃል። ሲበቃው አፈር ውስጥ አስገባው። እነሱ ግን ጥቅም የሚሉት ማስቀመጥን ነው። ጣሪያ የነካ ክምር፣ አቧራ፣ አይጥ። አንዷን ሉክ ለመስታወት ስትመዝ "እሱን አትንካ፣ ገና አላነበብኩትም" ይሉሃል። የሦስት ዓመት የአየር ትንበያ ነው እኮ! ዝናቡ ዘንቦ አባርቷል!

ከእነሱ የማይሻሉት ደግሞ በጋዜጣ ሁሉንም ነገር የሚያደርጉ ናቸው። የሚበላ ነገር፣ ያውም ትኩስና ቅባት ያለው፣ በታተመ ጋዜጣ ይጠቀልላሉ። ቀለሙ እጅ ላይ እንደሚለቅ እያዩ፣ ምግብ ላይ ሲደርስ ጨዋ ይሆናል ብለው ያስባሉ መሰለኝ። አትክልቱ ላይም የሚያብለጨልጨውን የማስታወቂያ ወረቀት ሳይቀር ይጨምሩበታል። ሳያርሱትም ያነጥፉታል። ከዚያ ነፋስ ይመጣና ሰፈሩ በሙሉ አንባቢ ይሆናል።

ለማንኛውም መደቡ ተሸፈነ። ግማሹ። ሌላኛው ግማሽ በወንድማችን ብብት ሥር ወደ ቤቱ ሄዷል። ለሚቀጥለው ዘዴ ፈልጌ ነበር። አስቀድሜ በውሃ ልንከረው አልኩ፤ የራሰም ይነበባል፤ እንደውም ቀስ ብለው ስለሚገልጡት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ጽሑፉን ወደ አፈር ገልብጬ ላንጥፈው አልኩ። ጋዜጣ ለካ በሁለቱም በኩል ነው የሚታተመው። ይህን የወሰነው ሰው አትክልት አልነበረውም፤ የሚስት ወንድምም አልነበረውም።