ቅርጫ ለበሬ ብቻ ለምን ይሆናል?

ፋሲካ ሲደርስ በደብረ ብርሃን በየሰፈሩ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስምንት ወይም አሥር አባወራ ገንዘብ ያዋጣል፤ የበሬ ነገር ያውቃሉ ተብለው የሚታመኑ ሁለት ሰዎች ገበያ ይወጣሉ፤ የጅሩ ሰንጋ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘም አቅም የፈቀደው ተነድቶ ይመጣል። ሌሊት ታርዶ፣ ከሥጋውም ከአጥንቱም ከጨጓራውም እኩል በእኩል በመደብ ተደልድሎ፣ ዕጣ ወጥቶ እያንዳንዱ ድርሻውን በሳፋ ይዞ ይገባል። አንድ ሰው ብቻውን ሊገዛው የማይሞክረውን በሬ አሥር ቤት ይፈስክበታል። ደረሰኝ የለ፣ ሊቀ መንበር የለ፤ ሆኖም ቅርጫ በጠብ ሲፈርስ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

እነዚሁ አሥር አባወራዎች በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ጤፍ በአምስት ኪሎ፣ ዘይት በግማሽ ሊትር፣ ሽንኩርት በመደብ ለመግዛት እየተመላለሱ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከባለሱቅ ጋር ይከራከራሉ። ኑሮው መወደዱን የሚክድ የለም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ምግብ ዘይት ላሉ ከውጭ ለሚገቡ ዕቃዎች የምናወጣው ብር እየበዛ መሄዱን ማንም የቤት እመቤት ታውቀዋለች። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፤ ከምንከፍለው ዋጋ ውስጥ አንድ ክፍል የሚመጣው ከዕቃው መወደድ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ፣ ያውም በተወደደበት ወር ስለምንገዛው ነው፤ ለዚህኛው ክፍል መድኃኒቱን ከበሬው አጠገብ አስቀምጠን ረስተነዋል።

ስለ ቤት ወጪ ቁጠባ የሚሰጠው የተለመደ ምክር፣ የሚገዛውን በወረቀት ጽፎ መውጣት፣ ያላሰቡትን አለመግዛት፣ ተርቦ ገበያ አለመሄድ የሚለው፣ ጋሪ እየገፋ በመደርደሪያዎች መካከል ለሚንሸራሸር ሰው የታሰበ ይመስለኛል። ከጤፍ፣ ከሽሮ፣ ከዘይት፣ ከሽንኩርትና ከበርበሬ ሌላ ለማይገዛ ቤተሰብ ከዝርዝሩ ምኑ ይሰረዝለታል?

ባለፈው ሳምንት ከሰፈራችን ጉልት አንድ መደብ ሽንኩርት ገዛሁ። ሰባት ራስ ነበር፤ ከላይ የተደረደሩት ሦስቱ ደህና ሲሆኑ ከሥር የነበሩት ሁለቱ የነጭ ሽንኩርት ያህል ናቸው። ቤት ወስጄ በሚዛን ባስቀምጠው ሰባት መቶ ግራም አልሞላም፤ ሒሳቡን ስሠራው በኪሎ ከሚሸጠው ሩብ ያህል በልጦ አገኘሁት። በማግስቱ ይህንኑ ለሻጯ ብነግራት «ጋሼ፣ የሚበሰብሰውስ የማን ነው? እኔኮ ስድስት ሰዓት ሙሉ ብርድ ላይ የምቀመጠው ለዚያ ለሩቧ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሽንኩርቱ ምናልባት ከሸዋ ሮቢት፣ መቶ ኪሎ ሜትር ከማይሞላ መንገድ፣ በጣርማበር አድርጎ የወጣ ነው፤ በመካከሉ ግን ሰብሳቢው፣ ደላላው፣ ባለመኪናው፣ አከፋፋዩና እሷ አሉበት፤ መንገድ የተዘጋ ሰሞን ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ሰባት ራስ ሽንኩርት ይዤ ለመግባት ይህን ሁሉ ሰው ብቻዬን የምከፍለው እኔ ነኝ።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን ጤፍ ላይ ነው። ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ወደ ገበያ በብዛት የሚወጣው እስከ የካቲት ድረስ ነው። የምንጃር ሸንኮራም ሆነ የሞረትና ጅሩ ገበሬ በዚያን ወቅት የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ከሁዳዴ በፊት የሚደገስ ሠርግ አለበት፤ ስለዚህ ዋጋው ባያስደስተውም ይሸጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲመናመን ዋጋው ይወጣል። ይህ በየዓመቱ በአንድ ልክ አይሆንም፤ ጥር ላይ ጭምር የተወደደባቸውን ዓመታት አይተናል፤ ይሁንና ክረምት ላይ ከጥር የረከሰ ጤፍ የገዛሁበትን ዓመት አላስታውስም።

ደግሞም ለማስቀመጥ እንደ ጤፍ የሚመች እህል የለም። ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ ገብቶ የሚራባበት ቦታ ስለማያገኝ፣ ከእርጥበትና ከአይጥ እስከተጠበቀ ድረስ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቀመጣል። ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ግን ይነቅዛሉ፤ ለእነርሱ ውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ያለውን አየር የማያስገባ ከረጢት መግዛት ያዋጣል። በዚህ በኩል የደብረ ብርሃን ብርድ ራሱ ውለታ ይውልልናል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነቀዝ እንደ ቆላው አይፈነጭም። ዱቄት አስፈጭቶ ማከማቸት ግን ለማንም አልመክርም።

አምና በጥር ስድስት ቤተሰብ ሆነን ለየቤታችን አንድ አንድ ኩንታል ሰርገኛ ጤፍ በጋራ አስመጣን። እኛ ቤት አምስት ነን፤ አንድ ኩንታል ከሁለት ወር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ያንን ጆንያ ሳንከፍት በእንጨት ርብራብ ላይ ከግድግዳ አርቀን አስቀመጥነውና በጋውን እንደ ልማዳችን በጥቂት በጥቂቱ እየገዛን ቆየን፤ የፈታነው ሐምሌ ሲገባ ነው። የትራንስፖርቱን ድርሻ ቀንሼ ከነሐሴው የሱቅ ዋጋ ጋር ሳስተያየው በኪሎ 14 ብር፣ በኩንታሉ 1,400 ብር ተርፎኛል። ሀብታም አያደርግም፤ የልጆቹን ደብተርና እስክሪብቶ ግን ችሏል።

ሁሉም አማረ ለማለት አልችልም። ነጋዴው የጆንያውን አፍ ፈትቶ ያሳየን ጤፍ የጠራ ነበር፤ ከስድስቱ የአንደኛው ጆንያ ታች ግን ሲነፋ ስድስት ኪሎ ያህል አፈርና እንክርዳድ ወጣው። ለበሬ ጥርሱን የሚያይ፣ ሻኛውን የሚዳብስ ሰው ስንልክ፣ ለጤፍ ግን ገንዘብ ብቻ ልከን ነበር። ጆንያውን ከጎኑና ከሥሩ ወግቶ ናሙና የሚያወጣውን ባለ ቦይ ብረት የያዘ ሰው ቢኖረን ያ አይደርስብንም ነበር። ጉዳቱንም እንደ ቅርጫ ለስድስት ተካፈልነው።

ሁለተኛውን ቅሬታ ያቀረበችው ባለቤቴ ናት። «አንተ በወረቀት የቆጠብከውን እኔ በወገቤ ከፍዬዋለሁ» አለችኝ፤ ኩንታሉን አበጥራ የጨረሰችው እሷ ናትና የምመልሰው አልነበረኝም። እንዲህ ያለውን ነገር የምንጽፍ ወንዶች ይህን ድካም ከሒሳቡ ውጭ እናደርገዋለን። ለአበጣሪ የሚከፈለው በመዋጮው ውስጥ መግባት አለበት፤ ትርፉን ቢቀንሰውም ሒሳቡን እውነተኛ ያደርገዋል።

«በጥር የአንድ ኩንታል ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነው። ደመወዝተኛ ወር ከወር የሚኖር ነው፤ ቀን ሠራተኛውማ ከቀን ወደ ቀን ነው። ለቀን ሠራተኛው ከዕቁብ የተሻለ አላውቅም፤ ዕጣው ሁሉ ጥርና የካቲት ላይ በጤፍ የሚወጣ ዕቁብ ማቋቋም ይቻላል። ለደመወዝተኛው ግን በየመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፤ ለሶፋና ለፍሪጅ ሲያበድር ኖሮ ለጤፍ የማያበድርበት ምክንያት አይታየኝም። ለምሳሌ 12,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ተበድሮ በስድስት ወር እኩል ቢመልስ፣ ወለዱ በጠቅላላው 420 ብር ነው፤ ይህን እኔ ካተረፍሁት 1,400 ብር ጋር ማስተያየት ነው። የሸማቾች ማኅበራትም ዘይትና ስኳር መጣ ሲባል ብቻ በራቸው ላይ ሰልፍ ከምናይ፣ በታኅሣሥ የአባላቱን ፍላጎት መዝግበው በዞናችን ካሉት የገበሬ ዩኒየኖች ጋር ቢዋዋሉ የተቋቋሙበትን ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

ሽምብራና አተርም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ሽሮ የሚበላበት ነው፤ የሽሮ እህል ግን ብዙ ሰው የሚሸምተው ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

ለዘንድሮ አሥር ቤተሰብ ተመዝግበናል። የወፍጮ ቤቱ ሚዛን እንዲፈቀድልን ተነጋግረናል፤ ከአሥራችን መካከል በእህል ንግድ ላይ የቆዩ አንድ አዛውንት ባለ ቦዩን ብረት ይዘው አብረው ለመውረድ እሺ ብለዋል። የቀረው ክርክር አንድ ነው፤ የምንጃሩ ጎረቤታችን ከነጭ ጤፍ በታች አልበላም ብሎ ስላስቸገረ የእርሱ ኩንታል ለብቻው ተጽፏል፣ የዋጋውንም ልዩነት ራሱ ይችላል።