ሌሊት አርማታ ለሚሞሉ ጀግኖች

አንዴ ይጨብጨብላቸው እንጂ! አክሱም ከተማ መሀል መሰረት ሲያስቆፍር ጥርብ ድንጋይ ብቅ ሲልበት ሳይደነግጥ ሌሊቱን ሚክሰር ጠርቶ አርማታ የሚሞላውን ባለ ጂ ፕላስ ፎር ማለቴ ነው። ሰሞኑን አንዱ ካፌ ተቀምጦ "ቅርስ ነው ካሉኝ እኮ ስራ ያስቆሙኛል፣ ሲሚንቶው ደግሞ አይጠብቀኝም" ሲል ሰማሁት፣ አብረውት የተቀመጡት በሙሉ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አዋጅ 209/1992 ግንባታ ላይ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ያሳውቅ፣ እስኪረከቡትም እንዳለ ጠብቆ ያቆይ ይላል፣ ሽልማትም አለው። የኛ ጀግኖች ግን ትሁት ናቸው፣ ሽልማት ምናምን አይወዱም።

እኔ ከሁሉም የማደንቀው የሴፕቲክ ታንኩን ሊቅ ነው። ሰውዬው ለሽንት ቤት ጉድጓድ ሲያስቆፍር ከአለት የተፈለፈለ ክፍል አገኘ እንበል። ደረጃ አለው፣ ግድግዳው ልሙጥ፣ ጣሪያው ድፍን ድንጋይ። ሌላው ቢሆን "ኧረ ይሄ መቃብር ነው" ብሎ ይጨነቃል፣ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ከሲሚንቶና ከቀን ሰራተኛ ስንት እንደተረፈው አሰላ። የማይናድ፣ ከሺህ አምስት መቶ አመት በላይ የተፈተነ ታንክ፣ ያውም በነጻ! ቱቦውን በደረጃው በኩል ለቀቀው፣ የድንጋዩን ሬሳ ሳጥን ማጥለያ አደረገው፣ ክዳኑን ግቢ አውጥቶ ልብስ ማጠቢያ አደረገው፣ እድፍ ያስለቅቃል ተብሎ የሰፈሩ ሴቶች ወረፋ ያዙለት፣ ከዛ ላይ ፎቁ ተነሳ፣ ሆቴል ሆነ፣ ሆቴሉም በንጉስ ስም ተሰየመ። ማን ያውቃል፣ የታችኛው ተከራይ ስም ሊሆንም ይችላል።

ተቆጣጣሪውንም እንዳንረሳው። ስካቫተሩ ሲቆፍር አጠገቡ ቆሞ አፈሩን ማየት የነበረበት እሱ ነው፣ ግን ሶሌታው ከደረቀ በኋላ መጥቶ፣ ሶሌታው ላይ ፎቶ ተነስቶ "ምንም አልተገኘም" ብሎ ይፈርማል። አልዋሸም እኮ፣ ሶሌታ ላይ ምን ይገኛል?

ቀልዱ ይቅር፣ ያቃጥላል። ስማቸውን በሳንቲም ብቻ የምናውቃቸው የአክሱም ነገስታት አሉ። ያቺ ሳንቲም ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከምን ጋር እንደወጣች ካልታየ ደግሞ ግማሽ ወሬዋ ጠፋ ማለት ነው። አንዷ ከአፈር ጋር በሲኖትራክ ተጭና ወንዝ ዳር ስትደፋ አንድ ንጉስ ከነዘመኑ ተደፋ። ማንም መልሶ አይለቅመውም፣ ገንዘብም አይመልሰውም፣ ያንተ ኪራይ ግን በየወሩ ይገባል አይደል? ነውር ነው!

እነዚሁ ሰዎች ናቸው ደግሞ ህዳር ጽዮን ሲደርስ "የ3000 አመት ታሪክ ባለቤቶች" ብለው ሀውልቱን ፕሮፋይል የሚያደርጉት። ሀውልቱ እኮ የመቃብር ምልክት ነው ጌታዬ፣ ከላይ የቆመው ከስር የተኛ ስላለ ነው። ቱሪስቱ ይሄን አንብቦ መጥቶ ያንተው ሆቴል አድሮ ጠዋት ሪሴፕሽን ላይ "ሌሎቹን መቃብሮች የት ላያቸው?" ቢል ልጅቷ ምን ትበለው? ሌሊቱን ውሃ ስትለቅባቸው ነበር ያደርከው ትበለው?