ጎርጎራ ከሪዞርቷ በፊት ወደብ ነበረች

ዛሬ ጎርጎራ ሲባል ቶሎ የሚታወሰው ሪዞርቱ ነው። አይፈረድም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት «ገበታ ለሀገር» ሲታወጅ፣ አንድ ሰው 10 ሚሊዮን ብር ከፍሎ በሚቀመጥበት እራት (ምን እንደቀረበ ባላውቅም) ገንዘብ ከተሰበሰበላቸው ሦስት ቦታዎች አንዷ እሷ ነበረች፤ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሪዞርቱ ሳይሆን የጣና ሐይቅ መርከብ ነው።

ካርታ ላይ ጣናን ተመልከቱ። ባሕር ዳር ከደቡብ፣ ጎርጎራ ከሰሜን ዳርቻ ተፋጠዋል። በመኪና የሚሄድ ሰው ግን በቆላድባ አድርጎ አዘዞ ይወጣል፤ ከዚያም ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ዞሮ በአዲስ ዘመንና በወረታ ባሕር ዳር ይገባል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐይቁ በረጅሙ ቢለካ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የድሮው መርከብ በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል በሐይቁ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመላለስ ነበር፤ ዘጌንና ደቅን እየነካ፣ ቁንዝላ አድሮ በማግስቱ ጎርጎራ ይደርሳል። ቀርፋፋ ነበር፣ ግን እህሉንም ሰዉንም አብሮ ይጭናል። ለደሴቶቹ ነዋሪ ደግሞ በየብስ መሄድ የሚባል ነገር ከመነሻውም የለም።

ነገሥታቱም ቦታውን የመረጡት በከንቱ አልነበረም። ዐፄ ሱስንዮስ ከተማቸውን እዚህ አድርገው ነበር። ከካቶሊኮቹ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ታዋቂው ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው ጎርጎራ ነው። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት መግባታቸው አገሩን በደም አጨማለቀው። እ.ኤ.አ. በ1632 ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ፋሲልም መናገሻውን ጎንደር ላይ አደረጉ። ማርያም ግምብ የሚባለው ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ከእሱ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ግን የደብረ ሲና ማርያም የግድግዳ ሥዕል ነው።

ቱሪስት ይምጣ፤ ጉማሬውን፣ ይብራውን፣ ሥዕሉን ይይ። ነገር ግን ተዝናንቶ የሚመለስ እንግዳ ብቻውን የዙሪያዋን የደንቢያን ገበሬ ጤፍና ሽምብራ ገበያ አያደርስም። ዓሣ አጥማጁም ቀረሶውንና አምባዛውን ይዞ የሩቅ ገዢ መጠበቅ አይችልም፤ ዓሣ አያድርምና በደረሰበት ዋጋ ይሸጣል። ነጭ ዓሣው ደግሞ በክረምት ሊራባ ወደ ወንዞቹ ሲወጣ በወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ ይታፈሳል። ሌላ ገቢ የሌለውን ሰው «ተው» ማለት ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው እምቦጭ አለ፤ መጀመሪያ የወረረው ይህንኑ ሰሜናዊውን ዳርቻ ነው። ታንኳ የማያሳልፍ አረም መርከብም አያሳልፍም።

በ2017 ዓ.ም. አዲሷ መርከብ «ጣና ነሽ 2» ከጅቡቲ በየብስ ተጭና መጥታ ሐይቁ ላይ ስትደርስ ሕዝቡ እንደ ሙሽራ ተቀበላት። ደስታው ገብቶኛል። ጥያቄዬ የቲኬቷ ዋጋ በማን ኪስ ልክ እንደሚቆረጥ ነው። የጸጥታው ችግር መንገደኛውን ስንት ቦታ እንደሚያስቆመው አውቃለሁ፤ የመርከብ ሰሌዳ ብቻውን ሰላም አያመጣም። ቢሆንም ጎርጎራ ወደብ ላይ መነሻ ቀንና ሰዓት ተጽፎ ይለጠፍ፤ ለጆንያና ለዓሣ ሣጥንም ቦታ ይኑር። ሪዞርቱ የሚያድረውን እንግዳ ራሱ ይጠራል።