ውጭ የተመዘነ ላፕቶፕ አገር ቤት ሲሠራ

ውጭ አገር የሚጻፉ የሥራ ላፕቶፕ ግምገማዎች ብዙውን ቦታ ለፍጥነት፣ ለቅጥነትና ለስክሪን ጥራት ይሰጣሉ። እዚያ ለሚኖር ያስኬዳል፤ ሶኬት በየደረሰበት ያገኛል፣ ኢንተርኔቱ እምብዛም አይቆራረጥም፣ የተበላሸውን በዋስትና ልኮ ያሠራል። እየተመላለሰ ኢትዮጵያ ለሚሠራ ወይም ለዘመዱ ገዝቶ ለሚልክ ግን የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ምን ያህል ያሠራል? ሲበላሽስ አገር ቤት ይጠገናል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ባትሪው ላይ የተጻፈው የዋት ሰዓት መጠን ነው። ጽሑፍ ሲሠራበት 8 ዋት ገደማ የሚፈጅ ላፕቶፕ በ57 ዋት ሰዓት ባትሪ 7 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ የቪዲዮ ስብሰባ ፍጆታውን 15 ዋት ካደረሰው 4 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥር ትቶ የባትሪውን ዋት ሰዓት ለፍጆታው ዋት አካፍሎ ማስላት ይሻላል። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ነው፤ ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክም በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይሄድም።

ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም፣ መብራት ሲሄድ የቤቱ ዋይፋይ አብሮ ይሄዳል። ውጭ ብዙ ሰው ልብ የማይለው የሲም ካርድ ቦታ አገር ቤት የሚፈለገው ለዚህ ነው። ቀዳዳው መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ቀዳዳው አለ፣ ከሞባይል ኔትወርክ የሚያገናኙት ሞደምና አንቴና ግን ውስጡ የሉም። ሞደም በኋላ ሊጨመር ይችላል፤ የአንቴና ገመድ መዘርጋት ግን ብዙ ጊዜ ስክሪኑን መፍታት ይጠይቃል።

ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ካለ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፤ ለ220 ቮልቱ ሶኬት የሚሆን ገመድ መለወጥ ይበቃል። አደገኛው ነገር ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው ዲቫይደር ነው። ውስጡ ያለው የኃይል መጨመር መከላከያ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ 220ው ሲደርስበት ኤሌክትሪኩን ወደ ራሱ ይስባል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል፤ ቤት ሊያቃጥልም ይችላል። እባካችሁ እሱን አትላኩ። በዩኤስቢ ሲ ለሚሞላ ላፕቶፕ ደግሞ 65 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ይያዝ፤ በ20 ዋት የስልክ ቻርጀር ወይ ጨርሶ አይሞላም፣ ወይ እየሠሩበት ባትሪው መውረዱን ይቀጥላል።

ጥገናን በተመለከተ፣ በጣም ቀጫጭኖቹ ራማቸው (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ በ8 ጊጋ የተገዛ እስከ መጨረሻው 8 ነው። የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲውድና የኤችፒ ኤሊትቡክ የሚመረጡት ባትሪያቸውና ሃርድ ዲስካቸው በካቻቢቴ ተፈትቶ ስለሚቀየር፣ የጥገና መመሪያቸውም በነጻ ስለሚገኝ ነው። ከእነሱም አንዳንዶቹ አዳዲስ ሞዴሎች ራሙን በይደውታልና የሞዴሉን ቁጥር ይዞ መመሪያውን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ኩባንያዎች ተጠቅመው የሚሸጧቸው ለዋጋቸው ጥሩ ናቸው፤ ፕሮሰሰራቸው ኢንቴል ከሆነ ግን ከ8ኛው ትውልድ በታች አይገዙ፤ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበሉም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ደግሞ በኦክቶበር 2025 ቆሟል። ከሁሉ የከፋው የተቆለፈ ላፕቶፕ ነው። ከቀድሞው ባለቤት መዝገብ ያልተፋቀ ማሽን ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖበት ኢንተርኔት ሲያገኝ የኩባንያውን ስም አውጥቶ የሠራተኛ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። መዝገቡን መፋቅ የሚችለው ያው ኩባንያ ነው፤ አገር ቤት ያለ ጠጋኝ ደጋግሞ ፎርማት ቢያደርገውም መልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ፣ ሙሉ ሪሴት አድርጎ ከዋይፋይ ጋር ማገናኘትና እስከ ዴስክቶፑ ድረስ ማስገባት፤ ከዚያ ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን ማስተካከያ ገጽ) ከፍቶ የይለፍ ቃል መጠየቅ አለመጠየቁን ማየት፤ ከጠየቀ ለሻጩ መመለስ።