ወለዱ በብር አይከፈልም
ሞተር ለመግዛት ከቤተሰብ ስለመበደር ሲወራ «የቤተሰብ ብድር ወለድ የለውም» የምትባለዋ አባባል አሳቀችኝ። ሀዋሳ እያለሁ አፓቼ የሚባል ሞተርሳይክል ለመግዛት ከታላቅ እህቴ ተበድሬ ነበር። ሄልሜቱ፣ ሰሌዳው፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ በሂሳቤ ውስጥ አልነበሩም፤ እነሱም ከእሷው ተጨመሩ። ከዚያ አዲስ ጫማ ባደረግኩ ቁጥር ዓይኗ እግሬ ላይ ነው። የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ግን ብሩን አልጠየቀችኝም። ዝም አለች። ዝምታዋ ባሰብኝ፣ ሞተሬን ጎረቤት እያቆምኩ እሷ ቤት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ (አሁን ሳስበው ያስቃል)። ከመበደር ይልቅ «እቁብ ግባ» የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው፣ እኔም የገላገለኝ እቁብ ነው። አዲስ አበባ ላሉ ደግሞ፦ ከሐምሌ 2011 ወዲህ እዚያ ሞተር እንደልብ አይነዳም፤ መጀመሪያ ፈቃዱን አጣሩ፣ ከዚያ ነው ብድሩ።