«አውሮፓ ሆነሽ ምን ጎደለሽ?»

ዛሬ ልናገር ነው። የሚቀየም ይቀየም።

ጀርመን አገር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የምኖረው ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት የምትርቅ ትንሽ የተማሪ ከተማ ውስጥ ነው። ያስመረረኝ ትምህርቱ አይደለም። ብርዱም አይደለም። ሰው ነው። በተለይ ወሬውን ሁሉ «አውሮፓ ሆነሽ» ብሎ የሚጀምር ሰው።

ፎቶ ከለጠፍኩ «ትምህርቱን ትታ አገር ለአገር ትዞራለች» እባላለሁ። ካልለጠፍኩ ደግሞ «እዚያ ድረስ ሄዳ ቤት ተቀመጠች፣ ምን አየች?» እባላለሁ። የሚገርመው ሁለቱንም የሚሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። አንዳንዴም በዚያው ሳምንት።

ባለፈው ከኮሎኝ ካቴድራል ፊት የተነሳሁትን ፎቶ ለጠፍኩ። አክስቴ ወዲያው ደወሉ። «ዛሬም ሽርሽር ነው የኔ ልጅ? ትምህርቱስ?» አሉኝ። ኮሎኝን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ካቴድራሉ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በር ላይ ነው የተገተረው። 157 ሜትር ቁመት አለው። አላይህም ብትሉት እንኳ አይለቃችሁም። ባቡር እስክቀይር ወጣ ብዬ ተነሳሁ፣ ተመልሼ ገባሁ። ያ ነው ሽርሽሩ። የምሄደው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ነበር። ሥራውም አልተሳካም። ይህንን ለአክስቴ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ሱባኤ ይገቡልኛል።

እስቲ አንድ ጊዜ አብረን እንደምር። እዚህ ትምህርቱ የሚቆጠረው ኢሲቲኤስ በሚሉት ነጥብ ነው። አንድ ሴሚስተር 30 ነጥብ ነው። ጀርመን ውስጥ አንዱ ነጥብ እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይታሰባል። 900 ሰዓት ማለት ነው፣ በአንድ ሴሚስተር። ይሄ ወረቀት ላይ ያለው ነው። ወረቀት ላይ የሌለው ደግሞ አለ። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ማንበብ አለ። በዲግሪ ጊዜ በስም ብቻ የሰማሁትን ሶፍትዌር ሌሊት ከዩቲዩብ መማር አለ። የቡድን ሥራ የሚሉት መከራም አለ፤ አንዱ ልጅ ይጠፋል፣ አንዷ ሁሉንም ራሷ ካልሠራች አይሆንላትም፣ እኔ መሀል ቆሜ አስታርቃለሁ።

«ዕረፍት የላችሁም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ክፍል የሌለበት ጊዜ አለ። የክረምቱ ሴሚስተር ትምህርት ፌብሩዋሪ አጋማሽ ገደማ ያበቃል። ከዚያ ፈተና ይመጣል። ፈተናው ሲያልቅ የሚረከብ ጽሑፍ አለ። እሱን ስታስረክቡ አፕሪል ገብቶ ሌላ ሴሚስተር ይጀምራል። በመሀል የተረፈውን ቀን ሁሉ እሠራለሁ። ምክንያቱም የቤት ኪራይ ሴሚስተር አያውቅም።

ገንዘቡን ካነሳን አይቀር፣ አገር ቤት ያላችሁ ይቺን ስሙኝ። ለቪዛ ተብሎ ዝግ ሂሳብ የሚባል ነገር አለ። በዓመት 11,904 ዩሮ አስቀድመህ ታስገባለህ። እዚህ ስትደርስ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅልሃል። መንግሥት የሚከፍለኝ ደመወዝ አይደለም! የራሴው ገንዘብ ነው፣ ያውም የተበደርኩት፣ እየተቆነጠረ የሚሰጠኝ። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ሰው ሁሉ ካልኩሌተር ይዟል። «992 በብር ስንት መጣ?» ብሎ አባዝቶ ይደነግጣል፣ ከዚያ የጓደኛውን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ይነግረኛል። የቤት ኪራዬን ግን ማንም አያባዛልኝም። ለጤና መድን ብቻ በየወሩ ከ140 ዩሮ በላይ ይሄዳል፣ ታመምኩም አልታመምኩም።

ስለዚህ ሥራ አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪዎች በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው መሥራት የሚፈቀድልን። እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጀመሪያ 120 ነበር። ጨመሩልን፣ ይመስገን። ግን ክፍል ያለው ተማሪ መቼ ነው የሚሠራው? ቅዳሜና እሁድ። ሰርጉስ መቼ ነው? ቅዳሜና እሁድ። ክርስትናው? ርካሹ የጉዞ ቲኬት የሚያስጎመጀው? የክፍል ጓደኞቼ ድግስ? እንግዲህ ገባችሁ። የእኔ ቅዳሜ የዕቁብ ብር ሆኗል፤ ሳይደርሰኝ በፊት ባለቤት አለው።

የክፍል ጓደኞቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሐሙስ ማታ ቴሌግራም ላይ «ነገ ፕራግ እንሂድ?» ይላል አንዱ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም እሺ ይላል። መታወቂያቸውን ኪስ ውስጥ ከተው፣ ቦርሳ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። እኔ ፕራግ ለመሄድ መጀመሪያ የሥራ ፈረቃዬን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ቀጥሎ ፓስፖርቴንና የመኖሪያ ፈቃዴን እያገላበጥኩ ቀኑን አያለሁ፣ ከዚያ የባንክ ሂሳቤን እከፍታለሁ። እሱን ከከፈትኩ በኋላ መሄድ አያምረኝም። ሰኞ ተመልሰው «ለምን አልመጣሽም?» ይሉኛል፤ «ሥራ ነበረኝ» እላለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ አይጠሩኝም። አልፈርድባቸውም። ሁልጊዜ እምቢ የሚልን ሰው ማን ይጠራል?

«ሸንገን አለሽ አይደል?» የሚለው ደግሞ አለ፤ በአንድ ቪዛ ብዙ የአውሮፓ አገር የሚያስገባውን ማለቱ ነው። አለኝ። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ይዤ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ሌሎቹ የሸንገን አገሮች ውስጥ መቆየት እችላለሁ። መብቱ ጥሩ ነው፣ አላማርርበትም። ችግሩ ካርዱ ሊያልቅ ሲል ነው። የውጭ ዜጎች ቢሮ ተርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ትጠይቃላችሁ። ጀርመን አገር የሚኖር ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ጨጓራው ይነሳል። ኢሜይል ትልካላችሁ፣ ዝም። ደግማችሁ ትልካላችሁ፣ «ደርሶናል፣ ደግማችሁ አትላኩ» የሚል መልስ በማሽን ይመጣል። በመጨረሻ አዲሱ ካርድ እስኪሠራ ድረስ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጣችኋል። ወረቀቱ ደግሞ ዓይነት አለው። አንደኛው ከአሮጌው ካርድና ከፓስፖርታችሁ ጋር ሆኖ ወጥታችሁ እንድትመለሱ ያደርጋል። ሌላው ከወጣችሁ መመለሻ አይሆንም። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ የትኛዋ ሳጥን ምልክት ተደረገባት ነው! ይህንን የአየር መንገድ ሠራተኛ ፊት ቆሜ፣ ከኋላዬ ሰልፍ ተደርድሮ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛ ላስረዳ? ይቅርብኝ ብዬ ያን በጋ በሙሉ ከጀርመን አልወጣሁም። የዚያን ጊዜ ነው «ምን አየች?» የተባልኩት።

ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ፍተሻ ጀምራለች። ከፓሪስ ስመለስ የሌሊት አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ መብራት ቦግ ይላል። ፖሊሶች ይገባሉ። የፊተኞቹን ወንበሮች በዓይን አለፍ አለፍ ይሉና እኔ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ፓስፖርት፣ ካርድ፣ የተማሪ ማረጋገጫ። አጠገቤ ያለው ልጅ ማንኮራፋቱን አላቆመም፣ የቀሰቀሰውም የለም። ወረቀቴ ሙሉ ነው፣ የሚያስፈራኝ ነገር የለም። ልቤ ግን ይህን አያውቅም፣ እስኪመልሱልኝ ድረስ ይደልቃል። ከዚያ ጠዋት ቤቴ ደርሼ ፎቶ ስነሳ «ፊትሽ ምነው ደከመው?» ትሉኛላችሁ።

ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅማ ለብቻዋ ናት። «እዚሁ አጠገቤ ሆነሽ አንድ ቀን ብቅ አትዪም?» ትለኛለች። እንግሊዝ ሸንገን አይደለችም። የጀርመን ካርዴ እዚያ ዋጋ የለውም። ለጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ ብቻ ከ120 ፓውንድ በላይ ይከፈላል፣ ቢከለክሉም አይመልሱልሽም። ይሄን በነገርኳት ቁጥር «ውይ፣ እንደዚያ ነው እንዴ?» ትላለች። በወሩ ደግማ ትጠይቀኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። ወደ እኛው ሰዎች።

አጎቴ ሲያትል ናቸው። ያን ዝግ ሂሳብ ያስሞሉልኝ እሳቸው ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ስለዚህ ጋሼን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በእኔ ላይ መብት አለው። ሙኒክ የእሳቸው ጓደኛ ልጅ ያገባል፣ እኔ ጋሼን ወክዬ እገኛለሁ። ስቱትጋርት የእሳቸው የበቀደም ጎረቤት ልጅ ክርስትና ይነሳል፣ እኔ ነኝ የምገኘው። ከዶይቸላንድ ቲኬቴ ጋር። ያ ቲኬት በወር አንዴ ተከፍሎበት አገሩን ሁሉ ያስዞራል፣ ግን ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ አይሠራም። ፍራንክፈርትና ሙኒክን በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚወስደው፤ በክልል ባቡሮች ከሄድሽ ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ፣ ያውም ሦስት ቦታ ቀይረሽ፣ አንዱ ዘግይቶ ሌላው ካላመለጠሽ። በሐበሻ ቀሚስ። በሌላው እጅ የጋሼ ስጦታ።

ድግሱ ላይ ስደርስ ደግሞ «ምነው ዘገየሽ?» ይሉኛል። ጠሪው «በ14 ሰዓት» ይላል፣ ምግቡ የሚቀርበው ሲመሽ ነው። ማታ በ20 ሰዓት የመጨረሻው ባቡሬ ሊሄድ ሲል «ኬክ ሳይቆረስ?» ብለው የሙሽራው እናት እጄን ይይዛሉ። ምን ልበላቸው? ሰኞ የሚረከብ ነገር አለብኝ ስላቸው «አይ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ታደርሺዋለሽ» ይሉኛል። ጎበዝነቴ ጠላቴ የሆነው እዚያ ነው።

በዓሉም እንደዚሁ ነው። ዲሴምበር 25 ከተማው ጸጥ ሲል፣ ልጆቹ ሁሉ ቤተሰቦቻቸው ጋ ሲሄዱ፣ እኔ ባዶ ማደሪያ ውስጥ ሽሮ እየበላሁ እጾማለሁ። ጃንዋሪ 7 የእኛ ገና ሲመጣ ክፍል ተከፍቷል፣ ፕሬዘንቴሽን አለብኝ። በ2025 ፋሲካ ከእነሱ ጋር አንድ ቀን፣ አፕሪል 20 ላይ ዋለና ሰኞም ዝግ ሆኖ እንደ ሰው ዶሮ በላሁ። በየበጋው ከተማ እየቀያየረ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስና የባህል ዝግጅትም የእኔን የፈተና ሰሞን እየጠበቀ ነው የሚመጣው። ጓደኞቼ ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ሲጨፍሩ ድምፁን ዘግቼ ነው ያየሁት፣ ላይብረሪ ውስጥ።

አትሄጂም ብትሉኝ ደግሞ አልችልም። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ጥሎኝ ሳለ የክፍል ጓደኞቼ «ቶሎ ይሻልሽ» ብለው የልብ ስዕል ላኩ። ከፍራንክፈርት አጥሚትና የተቀቀለ ዶሮ በፌስታል ይዘው የመጡት እነዚያው ኬክ ሳይቆረስ አትሄጂም ያሉኝ እናት ናቸው። ባቡር ቀይረው፣ በዚያ ጉልበታቸው። ስለዚህ ስናደድባቸው እንኳ ሙሉ በሙሉ መናደድ አልቻልኩም። ይሄም ራሱ ያናድዳል።

ቢያንስ ግን አንድ ነገር ተባበሩኝ። ወይ «ትምህርትሽን ያዢ» በሉኝ፣ ወይ «ወጣትነት አይመለስም፣ ተዝናኚ» በሉኝ። አንዱን ምረጡ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ይወስንና አንድ ሰው ይደውልልኝ። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት የምትልኩልኝ፣ አንዱን በድምፅ መልእክት፣ ሌላውን በጸሎት ቪዲዮ፣ እባካችሁ ተዉኝ። ለትራንዚት ፍራንክፈርት ስድስት ሰዓት የምትቆሙትም፣ «ነይና እንገናኝ» ከማለታችሁ በፊት ቀኑን እዩ። ረቡዕ ነው። ሰው ረቡዕ ክፍል አለው።

የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪም ከዚህ ብሶት አያመልጡም። ኦገስትን በሙሉ ዕረፍት ላይ ነበሩ፣ መብታቸው ነው። አስተያየታቸውን የላኩልኝ ግን እኔ ስንት ወር ያቀድኩትን የሦስት ቀን የጣልያን ጉዞ በጀመርኩ ማግስት ነው። አሥራ አንድ ገጽ። ፍሎሬንስን ያየሁት በሆስቴሉ መስኮት ነው። ፎቶ ግን ለጥፌያለሁ፣ አክስቴም አይተውታል፣ የተባልኩትን መገመት ትችላላችሁ።

የፊታችን ቅዳሜ ስቱትጋርት ክርስትና አለ። ሰኞ የማስረክበው ምዕራፍም አለ። እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፣ እመጣለሁ። ግን ላፕቶፕ ይዤ ነው። ከወዲሁ ለባለቤቶቹ ተናግሬአለሁ፣ ሶኬት ያለበት ጥግ ይሰጡኛል። ማንም መጥቶ «ዛሬ እንኳ ይቅርብሽ» እንዳይለኝ። ክትፎው ሲቀርብ ብቻ ጥሩኝ።