ይድረስ ለውሃ ጠጪው አክሲዮን

ለክቡር አክሲዮኔ፣ ባለህበት (ማለትም መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከድሮ ደረሰኞች ሥር)፦

ጤናህ እንዴት ነው? ወፍረሃል አሉኝ።

መልክህንማ ማን ይጠላል። ግንባርህ ላይ 100 ተጽፏል፣ ማኅተም አለህ፣ ሁለት ፊርማ አለህ፣ ዳር ዳርህን ሐረግ ተስሎብሃል። ችግሩ የመጣው ባለፈው ሂሳብ መሥራት ሲያምረኝ ነው። የኩባንያችን ንብረት በሙሉ፣ ዕዳው ተቀንሶ፣ 1 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ስንት ባለ 100 አክሲዮን ይወጣል? 10 ሺህ። እናንተ ግን ስትቆጠሩ 30 ሺህ ሆናችሁ! እና 100 ነኝ እያልክ የምትኮፈሰው ጌታዬ፣ ብትጨመቅ 33 ነህ። ሌላው ውሃ ነው።

ዘር ማንዘርህን ሳጣራ አልገረመኝም። ዳንኤል ድሩ የሚባል አሜሪካዊ የከብት ነጋዴ ነበር። ከብቶቹን ጨው ያስልስና ገበያ ሲቃረብ ውሃ ያጠጣቸዋል፣ ሚዛን ላይ ሲወጡ ገዢው ለውሃውም ይከፍላል ይባላል። ድሩ በኋላ ኢሪ ወደሚባል የባቡር ኩባንያ ገባ። በ1868 እ.ኤ.አ. ባለጸጋው ቫንደርቢልት ኩባንያውን ሊጠቀልል አክሲዮን በገፍ ሲገዛ፣ ድሩ ከጄይ ጉልድና ከጂም ፊስክ ጋር ሆኖ አዲስ አክሲዮን ያወጣለት ጀመር። እሱ ይገዛል፣ እነሱ ያትማሉ። የእስር ትእዛዝ ሲወጣባቸው የሃድሰንን ወንዝ ተሻግረው ጀርሲ ሲቲ ገቡ። መቼም ውሃ አይለያቸው!

ያንተ አባቶች ግን ጨዋ ናቸው፣ ወንዝ መሻገር አላስፈለጋቸውም። አንድ የዛገ ማሽን ጎትተው አመጡና "የዓይነት መዋጮ" (በጥሬ ገንዘብ ፋንታ በዕቃ የሚከፈል ድርሻ) አሉት። ዋጋውን ራሳቸው ገመቱ፣ ራሳቸው አጸደቁ፣ ራሳቸው አጨበጨቡ። በዚያው ልክ አክሲዮን ወሰዱ። (ማሽኑን አይቼዋለሁ። ላዩ ላይ ርግብ ጎጆ ሠርታበታለች፤ እሷም የተገመተች ይመስለኛል።) እኔ ጥሬ ገንዘቤን ከፍዬ፣ ከማሽኑ ባለቤቶች ጋር እኩል ባለአክሲዮን ተባልኩ። ትርፍ ሲመጣ ለ10 ሺህ የሚበቃውን ለ30 ሺህ እንካፈላለን። አምና የደረሰኝ ወደ ስብሰባው ለሄድኩበት ታክሲ እንኳ አልበቃም።

ትናንት የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ መጣልኝ። አጀንዳ 3፦ አዲስ አክሲዮን በማውጣት ካፒታል ማሳደግ።

ደግሞ ጠማህ እንዴ?

አክባሪህ፣
ደረቁ ባለቤትህ